በስክሪን ውስጥ የተንኳኳው በር

አቧራ የጠጣ ላፕቶፕ ሲግል የሚያወጣው ሽታ በአፍንጫዬ ሽው ሲል፣ ኬንያ ሞያሌ ያለው የቆርቆሮ መማሪያ ክፍላችን ይመጣብኛል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚስማር ቀዳዳዎቹ እየሾለከች ጠረጴዛችን ላይ ትንጠባጠብ ነበር። ሙዋሊሙ የምንለው መምህራችን ሽቦም ባትሪም አልነበረውም። ኤሌክትሪክ የሚያስተምረን አጠገባችን ቆሞ፣ በኢንተርኔት ላይ ባለ ማስመሰያ ነበር፤ ስክሪኑ ላይ አምፖሉን ከሽቦው እናገናኛለን፣ ኮድ እንጽፋለን፣ ይበራል።

«እዚህ የሚቃጠል ነገር የለም፤ እንደ ልባችሁ ተሳሳቱ» ይለን ነበር።

አንድ ኮምፒውተር የምንጋራው ጓደኛዬ የቦረና ልጅ ናት። እናቷ ማንያታ በሚባለው የጎጆ መንደራቸው ውስጥ ቤታቸው ሆነው ወተት ይሸጡ ነበር። በዚያ ዓመት ጆሯቸው እየደከመ ሄደ፤ ደንበኛ አንኳኩቶ አንኳኩቶ መልስ ሲያጣ ይመለሳል።

«ትምህርቱን ልተው ነው። በሩን የሚሰማላት የለም» አለችኝ አንድ ቀን፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልሠራንም። በር ሲንኳኳ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት ስክሪኑ ላይ ሠራን። ብዙ ጊዜ ተበላሽታብን በመጨረሻ ስትበራ፣ ጓደኛዬ እጄን ያዘችኝ።

በማግስቱ እናቷን ይዛ መጣች። ክፍሉ የታጠነ የወተት ዕቃ ሸተተ። መብራቷን አብርታ ስታሳያቸው፣ እናትየው ስክሪኑን በጣታቸው ነካ አደረጉና ጮክ ብለው፣ «በሩ ታዲያ የታል?» አሉ።

ሙዋሊሙ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለ። «ማማ፣ በሩ እርስዎ ቤት ነው። ዕቃውን ከናይሮቢ አስመጣለሁ። ልጅቷን ግን አያስቀሩብኝ።»

ዕቃው በአውቶብስ መጣ። እነጓደኛዬ ቤት እውነተኛው ሽቦ እንደ ስክሪኑ አልታዘዝ ብሎ ሲያታግለን ዋለ። አመሻሽ ላይ እኔን ወደ ውጭ ላኩኝና አንኳኳሁ። ነፋሱ አቧራውን ያስሮጠው ነበር፤ ከውስጥ ምንም አይሰማም። በኋላ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። እናትየው ቆመዋል፤ ዓይናቸው ርሷል።

«ግቢ ልጄ» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ሰማሁት።

ጓደኛዬ ናይሮቢ ሄዳ ትምህርቷን ጨርሳ እዚያው ቀረች፤ እኔም ሌላ አገር ገባሁ። ባለፈው ክረምት ደውላ እናቷ ማረፋቸውን ነገረችኝ። ብዙ አላወራንም። ስልኩን ግን ማናችንም ቀድመን መዝጋት አልቻልንም።