የሶስና ግመሎች

ከደብረ ብርሃን የወጣን ለት ማታ ዝናብ ነበር። የአምስት ዓመቷ ልጄ ሶስና አያቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አልለቅም አለች፤ ጎትቼ አላቀቅኋት። አስተማሪ ነኝ፣ ዝውውር ጅግጅጋ ደርሶኛል፣ ምን ላድርግ? ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ውሃ እንደጎረሰ ሰው ዝም አለች። እናቴ ስትደውል እንኳ ስልኩን ይዛ ዝም ነው።

ጅግጅጋ ቤት ያከራየችን ኤዶ ሆዳን ናት። ኤዶ እዚህ አክስት እንደማለት ነው።

«ቲቸር፣ ልጅሽ ትረብሻለች?»

«ኧረ በፍጹም፤ ድምጿም አይሰማም።»

«አሟታል እንዴ?»

እኔ እኮ ላስመሰግናት ብዬ ነው።

እዚህ ፓስታ በሙዝ ይበላል። ንፋሱ ደግሞ እንደኛ አገር አይበርድም፣ አቧራውን አምጥቶ ትራሳችሁ ላይ ያራግፈዋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ መጥረግ ነው። አንድ ቅዳሜ የግቢው ጥግ የተደረደረ ጠጠር አገኘሁና ጠርጌ ደፋሁት፤ ከዚያ ሶስናን ፊደል ላስቆጥር ጠራኋት። ባዶውን ጥግ አይታ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ድምፅ ግን የለውም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ኤዶ ሆዳን ወገቧን ይዛ መጣች።

«ምን አደረግሽ?»

«ጠጠር ነው የጣልኩት።»

«ግመሎቿን ነው። ከልጆቼ ጋር ሳምንቱን ሙሉ ስታረባ አላየሽም? ዋላሂ፣ በኛ ግመል የፈጀ ይክሳል።»

«ለአምስት ዓመት ልጅ?»

«ለግመሎቹ ባለቤት ነዋ።»

ሳቄ መጣ፣ ልጄን ሳይ ግን ጠፋ። የሰው ልጅ አስተምራለሁ እያልኩ የራሴን አለማየቴ አሳፈረኝ። መንገድ ወጥቼ በፌስታል ጠጠር ለቀምኩና ፊቷ ዘረገፍኩት። አንዱን አንስታ አገላበጠችው።

«ይሄ አንካሳ ነው» አለች።

እናንተዬ፣ ተናገረች።

«ይቺስ?» አልኩ፣ ሌላ ጠጠር አንስቼ።

«እርጉዝ ናት። ቀስ አድርገሽ ያዣት።»

ቀጥላ የፊደል ገበታዋን አጥፋ አቆመችና በረት አደረገችው። ላርማት ብዬ ተውኩትና እንዳይወድቅ ደገፍኩላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልጠይቃት አልጠርግም።

እሁድ እናቴ ደወለች።

«የኔ ልጅ፣ ፊደል ቆጠርሽ?»

«አልቆጠርኩም። ሁለቱ ወልደውብኝ።»

«መቼ ነው ታዲያ የምትመጪልኝ?»

«ግመሎቹን ለማን ትቼ?»

ስልኩን ስቀበል እናቴ እያለቀሰች ትስቃለች። «ተመስገን፣ እሷስ ለመደች» አለችኝ። «አንቺስ?»

«እኔ ገና ጠጠር እየለቀምኩ ነው» አልኳት።