ጉንዳኑን ወንዝ ያሻገሩት አባቴ ናቸው

ለአይጥ አልቅሻለሁ። የሚስቅ ይሳቅ።

ደብረ ኤልያስ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለጀመርኩት ማስተርስ ደግሞ አባቴ መንደር ስር ባለው የግጦሽ መስክ የሜዳ አይጥ አጠናለሁ። በቆርቆሮ ወጥመድ እይዛለሁ፣ ጠዋት መዝኜ እለቃለሁ። «ይዞ መልቀቅ ምን የሚሉት ሥራ ነው?» ይሉኛል አባቴ። እህላቸውን አይጥ የሚፈጅባቸው ሰው ናቸውና አልፈርድባቸውም።

መስኩን ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። ባለፈው ጥቅምት ከወንዙ ማዶ ያሉትን ወጥመዶች ስከፍት አይጦቹ ሞተዋል፤ ጥቃቅን ጥቁር ጉንዳን ወሯቸዋል። መሸሻ የነሳኋቸው እኔ ነኝ ብዬ አፈርኩ፤ ወጥመዶቹን ያኔውኑ ሰበሰብኩ። ሣሩን እየገለጥኩ ጎጇቸውን ብፈልግ፣ ወጥመድ ባልደረሰበትም ያው ነው። ዓይናቸውን ያልገለጡ ልጆች ላይ ጉንዳኑ ሰፍሯል፤ እናቶቹ ጥለው ሸሽተዋል። የዚያን ቀን ነው ያለቀስኩት። ጉንዳኑ የአገራችን አይደለም፤ ለመንገድ ሥራ ከመጣው አሸዋ ጋር የመጣ ይመስለኛል። ደግነቱ ወንዙን አልተሻገረም ነበር። ከወዲህ ያሉት አይጦች ደህና ናቸው።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ነገርኳቸው። የሰሙት አንዱን ብቻ ነው፤ አይጥ ይጨርሳል። በእኛ አገር ገብረ ጉንዳን ቤት ሲገባ ሰው በሩን ከፍቶለት ይወጣል። ተባዩንም አይጡንም ጠራርጎ በማግስቱ ይሄዳል፤ ስለዚህ አይነኩትም። አባቴም ይሄኛው እንደዚያ መሰላቸው። ቅዳሜ ስመጣ ከማዶ ቅል ሙሉ አፈር ከነጉንዳኑ ተሸክመው አምጥተው ጎተራው ስር ደፍተውታል። «ደስ አይልሽም?» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። «አባባ፣ ይሄኛው እኮ አይሄድም። ገብቶ የሚቀር ነው፤ አይጡ ሲያልቅ ጫጩቱንና የንብ ቀፎውን ይወራል።»

«ያስተማርኩሽ ለአይጥ እንድትሟገቺ ነው?»

«አዎ። ለአይጧም፣ ለጫጩትዎም፣ ለንብዎም።»

በትልቁ ድስት ውሃ ጣድኩ። አፈሩን በአካፋ ገልብጬ የፈላውን ቸለስኩበት። ጎረቤቱ ቆሞ ያያል። አባቴ «በቤቴ አዛዡ እኔ ነኝ፤ ተይ ብያለሁ» አሉ። ከቃላቸው ወጥቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ወጣሁ። ሁለተኛውን ድስት ደፋሁ፤ ሦስተኛውንም። «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጪ» ብለውኝ ገቡ።

በማግስቱ ረገጥኩት። ከዚያም በየቀኑ፣ ማልጄ ከክፍል በፊት። ጎተራው ስር ተንበርክኬ አፈሩን እፈትሻለሁ፤ አንድ ጉንዳን ካየሁ ውሃ እጥዳለሁ። «እንዴት አደሩ?» እላቸዋለሁ፤ አይመልሱም። ግን አልተውም። አባቴን ማስቀየም ከባድ ነው፤ መስኩን እያየሁ ማስጨረስ ደግሞ ይብሳል።

ባለፈው ሳምንት ከወንዙ ወዲህ ካሉት ወጥመዶች አንዱን ስከፍት እርጉዝ አይጥ ገብታለች። መዝኛት ልለቃት ስል ጣቴን ነከሰችኝና ሣሩ ውስጥ ገባች። አባቴ ለካ አጥሩ ጋ ቆመው ያዩኛል። ደሙን በቀሚሴ ስጠርግ፣ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩኝ።

«ይሄው ነው የውለታሽ ምላሽ?»

«የሞተች አትነክስም፣ አባባ» አልኳቸው።