የእታለም የግራ ጥርሶች

እኅቴ የሺአረግ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ሃያ ዓመት ጥጥ ስታነጣ ኖራለች። «መንጣቱንስ ማንም ያነጣዋል፤ ጭንቁ ክሩ እንዳይበጠስ ነው» ትላለች። እናታችን ስትሞት ከእንፍራንዝ አንሥታ ዓባይ ማዶ ወዳለው ቤቷ አምጥታ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እታለም እላታለሁ።

እኔ ጥርሴ ከልጅነቴ ቡኒ ነው። ስስቅ እጄ ሳላዝዘው አፌ ላይ ይወጣል። ሠርጌ አንድ ወር ሲቀረው ጥርስ ያነጣል የተባለ ቅባት በስልክ አዝዤ አስመጣሁ። የሠርግ ፎቶ የምንነሣው ጣና ዳር ነው፤ ለዚያች አንድ ቀን እንኳ እጄን አውርጄ መሳቅ አማረኝ።

እታለም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብላ ቱቦውን ቀማችኝ። «መጀመሪያ ይሞከራል።»

በራሷ ጀመረች። በየማለዳው ከሥራ በፊት ሐይቁ ዳር ተቀምጣ የግራ ጥርሶቿን ትቀባለች፤ የቀኙን ለማነጻጸሪያ ትተወዋለች። ጉሙ ከውኃው ላይ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ አንድ ታንኳ ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። እሷ አፏን ከፍታ መስተዋት ታያለች፤ እኔ ሰዓት እይዛለሁ። ማውራት ስለማትችል ሁለታችንም ዝም ነው። ሕልም ውስጥ ያለሁ ይመስለኝ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ብንቀመጥ ደስ ባለኝ። ሲያበቃ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፦ «ጥርስ፣ ነጥቷል። ድድ፣ አልቀላም። ትንሽ ይለበልባል።» በዐሥረኛው ቀን «እንቺ፣ ተቀቢ» አለችኝ።

ተቀባሁ። በሁለተኛው ቀን ድዴ ተላጠ፤ ውኃ መጠጣት እንኳ አቃተኝ። የጥርስ ሐኪሙ አይቶኝ «ቅባቱ አቃጥሎሻል። ቡኒው ደግሞ በሕፃንነትሽ ከወሰድሽው መድኃኒት የመጣ ነው፤ በዚህ አይለቅም» አለኝ። እኅቴ እሷም ዐሥር ቀን መቀባቷን ስትነግረው ወደ እሷ ዞረ፤ «እስቲ እርስዎም ይክፈቱ።»

እታለም ድዷን የተነቀሰች ናት። በአገራችን ወግ ጥርስ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሴት ልጅ ድድ በመርፌ እየተወጋ ይጠቁራል። ሐኪሙ በጥጥ ነካ ሲያደርገው ደማ። ለካ እሷም ተቃጥላ ኖሯል፤ መቅላቱን ንቅሳቱ ሸፍኖታል።

«ሃያ ዓመት ሠርቼ፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ እድፍ ፈለግሁ» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ አፏን ሸፍና ነበር የምታወራው። እኔም ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ለእኔ ብላ የተቃጠለችን ሴት እስከ መቼ አኮርፋታለሁ?

የሠርጉ ዕለት ድዴ ድኗል፤ ጥርሴ እንደ ነበረው ነው። ፎቶ አንሺው «ሙሽሪት፣ ሳቂ» ሲል እጄ ይወጣል፤ ባሌ ብሥራት ያወርደዋል፤ ተመልሶ ይወጣል። ያን ጊዜ እታለም መጥታ ከካሜራው ጀርባ ቆመች። በዚያ ሁሉ ሚዜ ፊት እጇን ከአፏ አንሥታ ጥርሷን እስከ መንጋጋዋ ገለጠችው፤ ግራው ወተት፣ ቀኙ ቅቤ። ሳቄ አመለጠኝ።

ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። ሐይቁ ይታያል፤ ቡኒ ጥርሴም አንድ ሳይቀር ይታያል፤ እጄ በብሥራት እጅ ውስጥ ነው። እታለም በመጣች ቁጥር ፊቱ ትቆማለች። «አልነጣም» ትላለች። ቆየት ብላ ደግሞ «ክሩ ግን ደኅና ነው» ትላለች።