ከላምፔዱሳ በስተደቡብ ያለው ባሕር

በስደት በመጣሁባት በታከር ከተማ ባለው የትምህርት ካርታ ማተሚያ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ አለቃዬ ሚስተር ሃል አጉሊ መነጽርና የስም ዝርዝር ሰጥቶኝ «የተሳሳተ ስም ፈልግ» አለኝ። ደሴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። እዚህ ግን ከሁሉ ዝቅ ካለው ወንበር፣ ከአራሚነት ጀመርኩ። ከእኔ በላይ ካርታ ሣዮቹ፣ ከእነሱ በላይ አርታኢው ነበር። ከዓመታት በኋላ አርታኢው እኔ ሆንኩ።

ኩራት አልጎደለኝም። በእኔ እጅ ያለፈ ካርታ ስህተት አይገኝበትም ብዬ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር።

ካዘጋጀኋቸው አንዱ በሲሲሊና በቱኒዝያ መካከል ያሉት የፔላጂ ደሴቶች ካርታ ነው። ሦስት ናቸው፤ ላምፔዱሳ፣ ሊኖሳ፣ ሰው የማይኖርባት ላምፒዮኔ። ባንዲራቸው የጣሊያን ይሁን እንጂ ላምፔዱሳ ከሲሲሊ ይልቅ ለቱኒዝያ ትቀርባለች። ሊኖሳን የፈጠራት እሳተ ገሞራ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን የቆሙት ከአፍሪካ በተዘረጋው የባሕር ወለል ላይ ነው። ይህን ሁሉ በጥንቃቄ አስገባሁ። የምልክት መግለጫውን ሣጥን ከላምፔዱሳ በስተደቡብ፣ ባሕሩ ላይ አሳረፍኩት። የሙያችን ልማድ ነው፤ ሣጥኑ የሚሰፍረው ከተማም መንገድም በሌለበት ነው።

ካርታው ታትሞ ገና ሳይከፋፈል፣ ወይዘሮ ዘይነባ የሚባሉ የጎረቤቷ ከተማ የፓይን ሌክ ነዋሪ ከልጃቸው ከሃያት ጋር ቢሮዬ መጡ።

«ጋሼ፣ ላይክ፣ ይሄን ሎኬሽን ካርታ ላይ ማርክ አድርገህ ትሰጠናለህ?» አለችኝ ሃያት።

የሰጠችኝ ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ፤ ኬክሮስና ኬንትሮስ። ወንድሟ ሰኢድ ከሊቢያ የተሳፈረበት ጀልባ ከመስጠሙ በፊት ተሳፋሪዎቹ በሳተላይት ስልክ «ድረሱልን» ብለው የተናገሯቸው ቁጥሮች ናቸው። ከሞት የተረፈ ጓደኛው ነው ጽፎ የላከላቸው።

«በስልኳ አሳየችኝ» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «ሰማያዊ ብቻ ነው። ልቤ አላምን አለኝ። እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጥኩም። የአገሩ፣ የደሴቱ ስም ያለበት ወረቀት ላይ ልየው።»

አንጀቴን በሉት። ካርታዬን ዘርግቼ በማስመሪያ ለካሁ። ነጥቡ ያረፈው ሣጥኑ ውስጥ፣ የመንገድ ምልክት ከተሣለበት አጠገብ ነው።

«የት ነው?» አሉኝ።

ጣቴን አስቀመጥኩ።

«ይሄ ጽሑፍ ምን ይላል?»

«የምልክቶቹ ትርጉም ነው፣ እትዬ። ከተማው በምን፣ መንገዱ በምን እንደሚታይ ያስረዳል።»

«ታዲያ ሌላ ቦታ አጥታችሁ ነው ልጄ ላይ የጻፋችሁት?»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሚስተር ሃል ዘንድ ገብቼ ሣጥኑን አንስተን እንደገና እናትም አልኩት።

«እዚያ እኮ ምንም የለም» አለኝ።

«ሰው አለ» አልኩና ወረቀቱን አሳይቼ የሰኢድን ነገር ነገርኩት።

ቁጥሮቹን አንብቦ «አንሳው» አለ።

ሣጥኑን ከካርታው ጠርዝ ውጭ አወጣሁት። ሣጥኑ የሸፈናቸውን የጥልቀት ቁጥሮች መልሼ አሰፈርኩ። ነጥቡን በቀይ አድርጌ አንድ ቅጂ አተምኩና ሰጠኋቸው።

ወይዘሮ ዘይነባ ከነጥቡ እስከ ላምፔዱሳ በጣታቸው ሄዱ።

«ደሴቲቱ ከዚህ ትታያለች?»

ርቀቱን ለካሁ። መዋሸት አልፈለግኩም። «ቀኑ ጠርቶ ከነበረ ትታያለች፣ እትዬ።»

«እንግዲያ አይቷታል» አሉና ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «ሰኢዴ! ልጄን! ደርሰህ ነበር እኮ!» እያሉ አለቀሱ። ሃያት አቀፈቻቸው። እኔም ሣዮቹም ከመቀመጫችን ተነስተን ቆምን። የሰኢድ ለቅሶ እዚያው ተጀመረ።

አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስለ ሥራው ለሚጠይቁኝ ወጣቶች የምላቸው ይህን ነው፦ ሣጥኑን ከማሳረፋችሁ በፊት ቦታውን የሚፈልግ ሰው ሊኖር እንደሚችል አስቡ።