በጥፍር የሚታወቅ ብር

አባቴ አሰላ መናኸሪያ አጠገብ ያለችውን ሱቃቸውን ሊዘጉ ያሰቡት ግላኮማ ዓይናቸውን ከጋረደው በኋላ ነው። ዕቃውማ አላስቸገራቸውም፤ ጨው የት፣ ሳሙና የት እንዳለ እጃቸው ያውቃል። ያስቸገራቸው ብር ነው።

«መታለሉን አይደለም የፈራሁት» አሉኝ። «ሰውን ሁሉ መጠርጠር እንዳልጀምር ነው።»

እኔ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነኝ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግቢያችን ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸውና ባለ ሁለት መቶ ብር አስያዝኳቸው። እውነተኛ ብር ላይ ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ስለሚታተም ሲዳስሱት ይሻክራል። የእሳቸው ጣት ግን ዕድሜ ልኩን የገብስ ጆንያ ሲያነሳ ደንድኗል፤ ምንም አልተሰማቸውም። ከንፈራቸው ላይ አድርገው ሲሞክሩ እናቴ ከበር ላይ አየቻቸው።

«ደግሞ ብር መሳም ጀመሩ?»

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቅ ፋቅ እንዲያደርጉት ነገርኳቸው። ጥፍራቸው በኅትመቱ ላይ እየተንገራገጨ ሲያልፍ ፊታቸው በራ።

«ሰማሁት» አሉ።

ሱቁ አልተዘጋም።

አንድ የገበያ ቀን እኔም እዚያው ሳለሁ፣ ከኦጎልቾ ቲማቲም እያመጣች የምትሸጥ ደንበኛቸው ሳሙና ገዝታ ባለ ሁለት መቶ ብር ሰጠቻቸው። ፋቁት። ደግመው ፋቁት። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጉት። ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት፤ በወረቀቱ ውስጥ መታየት የነበረበት ምስል የለም፤ የደህንነት ክሩም ላዩ ላይ የተቀባ ቀለም ነው።

«ሐሰተኛ ነው» አልኩ።

ሴትየዋ ፊቷ ተለዋወጠ። «ቲማቲም ሸጬ ነው ያገኘሁት፣ አባባ። አሁን እኔን ሊያስሩኝ ነው?»

«ሂን ሶዳቲን፤ አትፍሪ» አሏት በኦሮምኛም በአማርኛም። በትራቸውን አነሱ። «ፖሊስ ጣቢያ አብሬሽ እሄዳለሁ። መንገዱን አንቺ ምሪኝ፣ ንግግሩን ለእኔ ተዪው።»

ክንዳቸውን ይዛ ወጣች። እኔ ሱቁን ጠበቅሁ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ፖሊሶቹ ቃሏን ተቀብለው፣ ብሩን አስቀርተው በሰላም ሸኝተዋታል። የቲማቲሟ ዋጋ ግን በዚያው ቀረ። አባቴ አጠገባቸው አስቀምጠዋት ሻይ አስመጡላት፤ እስክትረጋጋም ስለ ልጆቿ ጠየቋት።

አሁን በየገበያ ቀኑ ጠዋት ቤታችን ድረስ መጥታ አባቴን ሱቃቸው ታደርሳቸዋለች። እኔ ልሸኛቸው ስነሳ በትራቸውን እየፈለጉ፣

«አንቺ ወደ ሥራሽ ሂጂ፤ እኔ ሰው አለኝ» ይሉኛል።