ቀጥ ብሎ የቆመው ስምንት ቁጥር

ከአገር የወጣሁበት ምሽት ቤታችን በሰው ተጨናንቆ ነበር፤ ወሬው ሁሉ ግን ስለ ሌላ ሰው መሄድ ነበር። እናቴ ቆጮና ክትፎ አሰናድታ፣ ጎረቤት ጠርታ፣ ሻንጣዬ በሩ ሥር ታስሮ ቆሞ ሳለ፣ የክለባችን ደጋፊዎች አስተባባሪ ጋሽ ፈለቀ ገና ከደጅ «ዘበኛው ሄደ!» እያሉ ገቡ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእኔ ጉዞ ተረሳ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኛል። ሰው ሁሉ ዞሮ እያየኝ ሲመርቀኝ የምገባበት ይጠፋኛል።

ዘበኛው የሚባለው ሽብሩ ነው፤ የሰፈራችን ክለብ አማካይ፣ ስምንት ቁጥር ለባሽ። አሥራ ሁለት ዓመት የሜዳውን መሀል ሳይለቅ ስለጠበቀ ነው ስሙ የወጣለት። የኮልፌ ሰው ካልሆናችሁ ክለባችንን አታውቁትም። ሜዳው በጋ አቧራ፣ ክረምት ጭቃ ነው፤ ተመልካቹ የሚቀመጥበትን ካርቶን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ሆኖም እሁድ ከሰዓት አባቴን ቤት ውስጥ ያገኘ ሰው የለም።

«የት ነው የሄደው?» አለ አባቴ።

«ቱርክ! ክለብ ወሰደው አሉ። ከትናንት ወዲያ በሯል፣ ለአንዳችን ሳይናገር!» ጋሽ ፈለቀ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ወረወሩት።

«በሠላሳ አምስት ዓመቱ ማን ነው የሚወስደው?» አለች እታለም፣ ሜዳው በር ላይ ቆሎ የምትሸጠዋ። «ደረጃ ሲወጣ እኮ ጉልበቱ ሲንቋቋ ይሰማል።»

«በፓስፖርቱ ሃያ ስምንት ነው።»

«ታዲያ ፓስፖርቱ ይጫወትላቸዋ!» ሰው ሳቀ። እሷ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ስንት ዓመት ሙሉ ቆሎ በኪሱ እየጨመርኩለት፣ ደህና ሰንብቺ ማለት ምን ነበረበት?»

አባቴ አልሳቀም። አባቴ ወልዴ ልብስ ሰፊ ነው፤ የክለቡን ማሊያ የሚሰፋው እሱ ነው። «ማሊያው እኮ እኔ ጋ ነው ያለው» አለ ቀስ ብሎ። «ኮሌታው ተተርትሮ ነበር፤ ሐሙስ እወስደዋለሁ ብሎኛል።»

አውሮፕላን ማረፊያ ያደረሱን ጋሽ ፈለቀ በሚኒባሳቸው ናቸው። መንገዱን ሁሉ ሽብሩን ሲራገሙ ነድተው፣ ስንሰነባበት እጄን ያዝ አድርገው «አንቺም የምትሄጂው ቱርክ አይደል እንዴ? ካገኘሽው ከዳኸን በይልኝ» አሉኝ። ትንሽ ራቅ ብለው ተመለሱ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ሰላም በይው።»

አባቴ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከወንበሩ ያስነሳሁሽ ለዚህ ነው። በርቺ።»

ይህ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ትምህርት ሲዘጋ ከአባቴ ጎን ሁለተኛው መኪና ላይ እሰፋ ነበር። ቁጥር መስፋት ያስተማረኝ በሽብሩ ማሊያ ነው። ሽብሩ በልጅነቱ ገበያ ውስጥ ጆንያ ሲሸከም ስላደገ ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው፤ ማሊያ ሲለብስ ቁጥሩ አብሮ ይንጋደዳል። ስለዚህ አባቴ የእሱን ስምንት ትንሽ ወደ ቀኝ አጋድሎ ይሰፋዋል። ጠረጴዛ ላይ ስታዩት የተሳሳተ ይመስላል፤ ሽብሩ ሲለብሰው ግን ቀጥ ይላል። «ለማሊያው አይደለም የምትሰፊው፣ ለሰውየው ነው» ይለኝ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ በሶሺዮሎጂ የተመረቅኩ ቀን ሁለተኛውን መኪና ጨርቅ አለበሰውና «ከእንግዲህ እዚህ ላይ አትቀመጪም» አለኝ። ወገቡን እየያዘ ነው የተናገረው። ሠላሳ ዓመት መደገፊያ በሌለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰፍቷል።

እኔም ኢስታንቡል የመጣሁት አንድ ደላላ «የቢሮ ሥራ ነው» ብሎኝ ነው። ቢሮው አለ፤ አልዋሸም። ምድር ቤት ውስጥ ባለ የስፌት ወርክሾፕ ጥግ ላይ፣ መስታወት በር ያለው ቢሮ። የእኔ መኪና ያለው በሩ አጠገብ ነው። እናቴ በስልክ «ሥራው እንዴት ነው?» ስትለኝ «ጨርቃ ጨርቅ ድርጅት ነው» አልኳት። «ቢሮ ነው?» አለች። «ቢሮው ጋ ነኝ» አልኳት። ጠንቃቃ ነኝ፤ ውሸት አልወድም። እሷ ግን በማግስቱ ለኮልፌ ሁሉ ነገረች።

እናንተ ሻንጣ እያዘጋጃችሁ ያላችሁ፣ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ቡልጉር የሚሉት ቅንጬ ነው፤ እንደ ቅንጬ ግን በቅቤ አያሹትም። ሻይ በትንሽ ብርጭቆ ቀኑን ሙሉ ይሰጣችኋል፤ ቅመም የለውም። ዝናቡ ድምፅ የለውም። እኛ ቤት ክረምት ሲመጣ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ መደማመጥ አንችልም፤ እዚህ መዝነቡን የምታውቁት ሰዎች ጃንጥላ ሲዘረጉ አይታችሁ ነው። ሰላምታ አጭር ነው። ቤተሰብ፣ ከብት፣ ጎረቤት ደህና ነው ወይ የለም።

ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራየሁ። ቋንቋው ባይገባኝም ኪራይን ኪራ ሲሉ ሰምቼ፣ ክፉውን ቃል አስቀድሜ ለመድኩ። አከራያችን አሮጊት ናቸው፤ ቴይዜ እንላቸዋለን፣ አክስቴ እንደማለት ነው። ጫማ በር ላይ ስለሚወለቅ ሰው አይቆጥሩም፣ ጫማ ይቆጥራሉ።

«አምስት ጥንድ» አሉ አንድ ቀን። «የተስማማነው በአራት ሰው ነው።»

«አምስተኛው የእኔ ነው፣ ቴይዜ። የእሁድ ጫማዬ።»

«ስደተኛ እሁድ አለው እንዴ?» ብለው ጫማውን አነሡና ሶሉን ገልብጠው አዩት። አዲስ መሆኑን ሲያዩ አመኑኝ።

የመኖሪያ ፈቃድ ስጠይቅ ደግሞ ከመስታወት ጀርባ የተቀመጠው ሰውዬ ወረቀቴን አገላብጦ «ለምን መጣሽ?» አለኝ።

«ለጉብኝት» አልኩ። ደላላው በሉ ያለን እንደዚያ ነው።

«ስምንት ወር ሙሉ ምን ጎበኘሽ?»

ብዙ አሰብኩ። «ባሕሩን» አልኩ።

«ስንት ጊዜ?»

«አንድ ጊዜ። ከአውቶቡስ ላይ።»

ሳቀ፤ ክፉ ሰው አይመስልም። ከዚያ ማኅተሙን አነሣና ውድቅ አደረገው። «አይዞሽ፣ ባሕሩ የትም አይሄድም» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዚህ ከወጣሁ መመለስ የለም፤ ከቆየሁም ፖሊስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። ይህንንም ለቤት አልተናገርኩም።

ሽብሩን ያገኘሁት እዚያው ምድር ቤት ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ከካውያው ክፍል እንፋሎት ውስጥ አንድ ሰው የማሊያ ክምር ተሸክሞ ወጣ፤ ፊቱን ሳላይ ግራ ትከሻውን አየሁት።

«ጋሽ ሽብሩ?» አልኩ።

ክምሩን ሊጥለው ምንም አልቀረው። «የወልዴ ልጅ!» አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «አንቺም ጋሽ ካልሽኝማ አሰልጣኙ ልክ ነበር» አለ።

በምሳ ሰዓት ነገረኝ። ሙከራው ግማሽ ቀን ብቻ ነበር። አሰልጣኙ ሲሮጥ አይቶት ዕድሜውን ጠየቀው፤ ሃያ ስምንት አለ። ጉልበቱን ነካ ነካ አድርጎ ደግሞ ጠየቀው። «እኛ አገር ዘመኑ በሰባት ዓመት ወደ ኋላ ነው አልኩት» አለኝ ሽብሩ። «ሳቀና ሻይ ጋበዘኝ። ከዚያ ወደ በሩ መራኝ።» ለምን ሳይሰናበት እንደወጣ ጠየቅኩት። ቆሎዋን ከእታለም ሲቀበል ፊቷን አይቶ እሄዳለሁ ማለት እንዳቃተው፣ ካልተቀበሉኝ በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ ብሎ እንደነበር ነገረኝ። ይህን እንድጽፍ የፈቀደልኝ ራሱ ነው። «ጻፊው፣ ሰልችቶኛል መደበቅ። ብቻ ስለ ጉልበቴ ደህና ነገር ጻፊ» ብሎኛል።

ኮልፌ ግን አልረሳችውም። መጀመሪያ ተቆጡ፤ ፎቶውን ከክለቡ ጽሕፈት ቤት አወረዱት። ቀጥለው ሦስት ጨዋታ ሲሸነፉ መልሰው ሰቀሉት። በመጨረሻ የተፎካካሪያችን ሰፈር የአየር ጤና ልጆች «ዘበኛችሁ እዚያ ምንጣፍ ያጥባል አሉ» እያሉ ሜዳ ላይ ይዘፍኑባቸው ጀመር። ያኔ የጋሽ ፈለቀ የድምፅ መልእክት በየቀኑ ይመጣልኝ ገባ።

«ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ አንድ ፎቶ ብቻ! በአዲሱ ማሊያው! ጀርባውን፣ ቁጥሩ እንዲታይ። እነዚህ ልጆች አላስቀመጡንም። እታለም ሜዳ መምጣት ትታለች።»

እኔ እምቢ ማለት አልችልበትም። ለሽብሩ አሰማሁት፤ የአየር ጤናዎችንም ዘፈን ነገርኩት። «ምንጣፍ አሉ?» አለ። «ካውያ ቢሉ እንኳ ምንም አልነበረም።»

ወርክሾፓችን የስፖርት ልብስ ይሰፋል። ከእንከናሞቹ መሀል አንድ ቢጫ ማሊያ ባለቤቱን ለምኜ ወሰድኩ፤ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስምንት ቆርጬ በምሳ ሰዓት ሰፋሁበት። ስለ ምንም አላሰብኩም። እጄ ብቻውን ሰፋው።

እሁድ እሁድ ስደተኞች የሚጫወቱበት ፕላስቲክ ሣር ያለው ሜዳ አለ። ሽብሩ ማሊያውን ለብሶ ፎቶ ሊነሣ ገባ፤ ልጆቹ ጎደለን ብለው አስቀሩት። የዚያን ቀን ያየሁትን ለመናገር ቃል ያጥረኛል። አይሮጥም፤ ኳሷ ግን ወደ እሱ ትመጣለች። እጁን ዘርግቶ ሰው ያሰማራል፣ በአማርኛ ይቆጣል፤ ከአምስት አገር የመጡ ልጆች ይታዘዙታል። ፎቶውን ያነሣሁት ያኔ ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶ፣ መሀል ሜዳ ላይ እጁን ዘርግቶ። ውሸት ልናነሣ ሄደን እውነት የመሰለ ነገር ይዘን ተመለስን።

የጋሽ ፈለቀ መልስ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከኋላ ጭብጨባና ፉጨት ይሰማል። «አየር ጤናዎች አፋቸውን ያዙ! ሣሩን አየሽው፣ ሣሩን! ዘበኛው አውሮፓ በር ላይ ቆሟል!» ከመሀል የእታለም ድምፅ መጣ፤ «ከሳ እንዴ? ቆሎ የሚልክ ሰው ይጠያየቅ እንጂ!»

አባቴ ስልክ አይወድም፤ ስደውል «እናትሽን እንኪ» ብሎ ያሻግረኛል። በሦስተኛው ቀን ግን፣ ሥራ ቦታ ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ በእሱ ስልክ ተደወለ። ከበስተኋላ የስፌት መኪናው ይሰማል፤ ሲያወራም እግሩ አያርፍም።

«ፎቶውን አሳዩኝ» አለኝ።

«እሺ አባዬ።»

«ሁሉም አይቶታል። ተሰቅሏል።» መኪናው ትንሽ ሄደ። «ስምንቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል።»

የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ።

«ትከሻው ግን አልተቃናም።»

«አልተቃናም፣ አባዬ።»

«አዎ። አይቼዋለሁ።» መኪናው ይሄዳል። የሽብሩን ትከሻ ሳያውቅ ያን ቁጥር እንዲያ የሚሰፋ ሰው ቱርክ ውስጥ አይገኝም። ያን ስፌት የሚያውቁት በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ኮልፌ ተቀምጧል።

«ለእነ ጋሽ ፈለቀ ምን አልካቸው?» አልኩት በመጨረሻ።

«ጠየቁኝ፣ እንዴት አየኸው ብለው። ማሊያው ልኩ ነው አልኳቸው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ኮሌታውን ጠግኜዋለሁ በይው። እዚሁ ተሰቅሏል። ስምንትን ለማንም አልሰፋሁም።»

«እነግረዋለሁ።»

«እናትሽ አላወቀችም። ትቆይ።»

ይቅርታ ልለው ፈለግኩ፤ ቢሮው እኮ አጠገቤ ነው ልለው ፈለግኩ፤ ልምጣ ወይ ልለው ፈለግኩ፣ ማኅተሙ ትዝ አለኝ። የወርክሾፑ ደወል ተደወለ። ሽብሩ ከካውያው ክፍል በር ላይ ሆኖ፣ ማን ነው እንደማለት አገጩን ነቀነቀልኝ።

«አንቺ» አለኝ አባቴ። «ወንበርሽ መደገፊያ አለው?»

ዞር ብዬ አየሁት፤ የማላውቀው ይመስል።

«የለውም» አልኩት።

የአባቴ መኪና ቆመ። ከሠላሳ ዓመት ኳኳታ በኋላ የስፌት ቤቱን ዝምታ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ስልኩን ግን አልዘጋም፤ እኔም አልዘጋሁም። በዝምታው ውስጥ የኮልፌ መንገድ ተሰማኝ፤ ፌርማታው ላይ ረዳቱ እንደ ወትሮው እየጮኸ ነው፦ «ቤቴል! ቤቴል! አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው ብቻ!»