ጋሼ መኩሪያ ለሰው አታሰሚ ያሉኝ ዜማ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥቂት ደቂቃ ለምኜ ነው እዚህ የቆምሁት። ብዙዎቻችሁ የእኔን ምስክርነት ታውቁታላችሁ። በደርግ ጊዜ ኪነት ውስጥ ነበርሁ፣ እጄ ታሞብኝ ነበር፣ ጌታ ፈልጎ አገኘኝ ብዬ ከዚሁ መድረክ ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ እናንተም አሜን ብላችሁልኛል። የተናገርሁት ግማሹን ነው። ዛሬ የቀረውን እናገራለሁ። አንዲት እናት ይህን በጉባኤ ፊት ካልተናገርሽ ይቅርታሽን አልሰማም ብለውኛል። እስክጨርስ ድረስ አሜን ባትሉ እወዳለሁ።

እስቴ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ድምፅ አላት ተብዬ ኪነት ገባሁ። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ስሜን በር ላይ ተለጥፎ ነው ያየሁት። ቤዝ ጊታር ይጫወት የነበረው ልጅ ወደ ግንባር ሲዘምት ጊታሩ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ቁመቴም ጣቶቼም ረጃጅም ስለሆኑ ጥሩነሽ ትሞክረው ተባለ። ሴት ልጅ ቤዝ ይዛ ታይቶ ስለማይታወቅ የከተማው ሰው ሳቀብኝ። በገበያ ሳልፍ «ሞፈር ተሸክማ ወዴት ነው? በሬዎቹስ?» ይሉኝ ነበር።

ያስተማሩኝ ጋሼ መኩሪያ ናቸው። በጦሩ የሙዚቃ ክፍል ቤዝ ሲጫወቱ ኖረው፣ በሶማሌ ጦርነት እግራቸውን ቆስለው በአሥር አለቃነት የተሰናበቱ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች የእስቴ ሰው ስለሆኑ እኛ ጋ መጥተው ተቀመጡ፤ ኪነቱም አሠልጣኝ አደረጋቸው።

የመጀመሪያውን ወር ጊታሩን አላስነኩኝም። ከአዳራሹ እስከ ገበያው ድረስ ከኋላዬ እያነከሱ ያስኬዱኝ ነበር። «በያንዳንዱ እርምጃ አንድ ድምፅ፤ በአፍሽ አሰሚኝ» ይሉኛል። «ቤዝ መንገደኛ ነው። ዘፋኙ ቢሮጥም ቢቆምም አንቺ ትሄጃለሽ።» ያ ጃዝ እንደሚባል ቆይቼ ነው ያወቅሁት። የአሜሪካ ሙዚቃ ስለሆነ በዚያን ጊዜ ስሙን ጮክ ብሎ መጥራት አይቻልም ነበር።

አንድ ቀን የኪነቱ ሰብሳቢ በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጠን ቆየና «ይህ የማን አገር ሙዚቃ ነው?» አላቸው።

«የኩባ ነው፣ ጓድ።»

«ትናንት የነበረውስ?»

«እሱም የኩባ ነው።»

«ኩባ ስንት ዓይነት ሙዚቃ ነው ያላት?»

«ሰፊ አገር ናት፣ ጓድ» አሉት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

እውነተኛውንም የኩባ ስልት ያውቁ ነበር። ሐረርጌ ቆስለው ተኝተው ሳለ አጠገባቸው የተኛ ኩባዊ ወታደር ነው በአልጋው ብረት ላይ እየመታ ያስተማራቸው። ይህኛው ለእኔ ከጃዙ ይልቅ ከበደኝ። በእኛ አገር የመጀመሪያው ምት ከበሮው የሚወድቅበት፣ ትከሻም አብሮት የሚወርድበት ነው። እሳቸው ግን «የመጀመሪያውን ምት ዋጪው» ይሉኛል። «ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ይጠብቅሻል። አትምጪለት። ከሁለተኛው ቀጥለሽ ድረሺ፤ አራተኛው ላይ ደግሞ ለሚመጣው ቀድመሽ ተነሺ።» ጣቴ እምቢ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምቱ በደረሰ ቁጥር «ዝም!» ሲሉኝ ከረሙ። እትዬ ዘነበች የቆሎ ሰሐን አቅርበው «መኩሪያ፣ ልጅቱ መቼ ተናገረችና ነው ዝም የምትላት?» ይሉ ነበር። ትምህርቱ ብዙ ጊዜ በእሳቸው ቤት ነበር። ያለ አምፕሊፋየር፣ የጊታሩን ጫፍ ከሣጥን ጋር አስደግፈን፣ ድምፁ በእንጨቱ ሲመጣ እንሰማ ነበር። ሳልበላ የወጣሁበትን ቀን አላስታውስም።

ጋሼ መኩሪያ ክሩን ሲቃኙ ሁልጊዜ የሚያንጎራጉሩት አንድ ዝግ ያለ ዜማ ነበር። ያንኑ በኩባው ስልት አድርገው አስተማሩኝ። «ይህ ለጣትሽ ማፍታቻ ነው። ለሰው ግን አታሰሚ» አሉኝ።

«ለምን?»

«ገና አልበሰለም።»

ያልበሰለው የእኔ አጨዋወት መሰለኝ። ዓመት ያህል ብቻዬን ተለማመድሁት። ከማውቀው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነበር።

ከዚያ ከአውራጃው ሦስት ሰዎች ሊመዝኑን መጡ። የተመረጠ ደብረ ታቦር የአውራጃው ቡድን ይገባል፣ ከዚያም አዲስ አበባ ለሥልጠና ይላካል ተባለ። ጋሼ መኩሪያ ያን ቀን ከወገዳ ኪነት ከበሮ ሊያመጡ ሄደው አልነበሩም። ያዘጋጀነውን ተጫወትን። ከሰዎቹ አንዱ፣ መነጽር ያደረገ ቁጥብ ሰው፣ «ቤዝ የያዘችው ልጅ ትቆይ» አለ። «ብቻሽን ምን ትችያለሽ?»

መንገደኛውን ስልት መጫወት እችል ነበር። ልቤ አብጦ ያንን ዜማ ተጫወትሁ።

ሰውየው በእርሳሱ ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርግ ጀመር። እኔ ስጨርስ እሱ አልጨረሰም፤ እኔ የማላውቀውን ቀሪውን ክፍል በአፍንጫው አንጎራጎረው። የሚያውቀው ሰው ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ።

«ማን አስተማረሽ?»

«ጋሼ መኩሪያ።»

«ቃሉንስ?»

«ቃል የለውም።»

«አለው» አለኝ። «ሌላ ከተማ አንድ ቤት ግድግዳ ሥር ቆሜ ብዙ ቀን ሰምቼዋለሁ። የጴንጤ መዝሙር ነው።»

ወገኖቼ፣ እስከዚህ ያለው አለማወቅ ነው። በልጅነቴ ብታዝኑልኝ አልከለክላችሁም። የሚቀጥለው ግን አለማወቅ አይደለም።

በማግስቱ ባለመነጽሩ ሰው ቢሮ አስጠርቶ ወረቀት ሰጠኝ። መኩሪያ ይህን ዜማ አስተምሮኛል ብለሽ ጻፊ አለኝ፤ ጻፍሁ። «ትርጉሙን ነግሮ እምነቱን እንድቀበል ወተወተኝ የሚለውን ጨምሪ» አለኝ።

«አልነገሩኝም እኮ።»

«አዲስ አበባ መሄድ ትፈልጊያለሽ አይደል?»

ጨመርሁት። ፈረምሁ። ወረቀቱን አንሥቶ አየና «ጽሑፍሽ ያምራል» አለኝ። አመሰግናለሁ አልሁት።

ጋሼ መኩሪያ ከወገዳ በጭነት መኪና ተመልሰው፣ ከበሮውን እንደ ታቀፉ ከመኪናው ሲወርዱ ነው የያዟቸው። ከሁለት ቀን በኋላ እትዬ ዘነበች ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቁኝ። «ጥሩዬ፣ አንቺ ስብሰባ ትገቢ የለ? ምን አገኘንበት ነው የሚሉት?»

«አልሰማሁም፣ እትዬ።»

«ከሰማሽ ንገሪኝ።»

«እሺ።»

ከነጠላቸው ሥር አንድ ትንሽ ከረጢት አወጡና ሰጡኝ። የጋሼ መኩሪያ መለዋወጫ የጊታር ክሮች ነበሩ። «ትምህርትሽ እንዳይቋረጥ» አሉኝ። ተቀበልኋቸው።

ደብረ ታቦር ገባሁ። ጋሼ መኩሪያ ያስተማሩኝን ሁሉ በመድረክ ተጫወትሁ፤ ሰው አጨበጨበልኝ። አራት ወር እንደሆነኝ የግራ እጄ ሁለት ጣቶች፣ ትንሿና ከእሷ ቀጥላ ያለችው፣ የጊታሩን አንገት ስይዝ ወደ መዳፌ እየታጠፉ አልዘረጋ አሉኝ። ስለቅቀው ይዘረጋሉ፤ ስይዘው ይታጠፋሉ። እናቴ ጋይንት ድረስ ወስዳ ጠበል አስጠመቀችኝ። አልተሻለኝም። ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። እጄን እያገላበጠ ብዙ አየውና «አጥንቱም ጅማቱም ደህና ነው» አለኝ። «ሽንኩርት መክተፍ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«ጽሑፍስ?»

«የምጽፈው በቀኜ ነው።»

«እንግዲያው እጅሽ አልታመመም። ይህን ነገር ብቻ ነው እምቢ ያለው። ሽንኩርትሽን ክተፊ።»

ከቡድኑ አሰናበቱኝ። አዲስ አበባን ሳላያት ወደ እስቴ ተመለስሁ። እስከዛሬ ስመሰክር የጀመርሁት ከዚህ ነው። እጄ ታመመ ብዬ። በምን እንደመጣብኝ አልተናገርሁም፤ እናንተም አልጠየቃችሁኝም።

ጋሼ መኩሪያ በሦስተኛው ዓመት ተፈቱ። አንድ ሳምንት ዙሪያውን ስዞር ቆይቼ አንድ ጠዋት ገባሁ። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ያስላቸዋል። እትዬ ዘነበች አጠገባቸው ገብስ ያበጥራሉ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ሌላ አገባብ አላገኘሁለትም።

ሰፌዱ ቆመ።

«አውቃለሁ» አሉ ጋሼ መኩሪያ። «በመጀመሪያው ቀን አነበቡልኝ። እኔም አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። ስትጫወተው የመጀመሪያውን ምት ውጣዋለች ወይ አልኋቸው።»

«ምን አሉ?»

«በጥፊ አሉኝ።» ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደ። ሳሉ ሲለቃቸው ቀና ብለው አዩኝ። «ውጠሽው ነበር?»

«ውጬው ነበር።»

«እንግዲያው ትምህርቱ ገብቶሻል።»

በሰው ፊት ያለቀስሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝ። «እኔ ይቅር ብዬሻለሁ፣ ጥሩነሽ። ለራሴ ነው የምናገረው። ለእሷ መናገር አልችልም።»

እትዬ ዘነበች ከሰፌዱ ዐይናቸውን አላነሡም። «እኔ ገና ነኝ» አሉ።

«ዘኑ...»

«ተወኝ፣ መኩሪያ። ሦስት ዓመት ስንቅ ተሸክሜ ስመላለስ ይህች ልጅ ደጃፌን አልረገጠችም።»

እውነታቸውን ነበር።

ጋሼ መኩሪያ የዜማውን ቃል ያን ቀን ነገሩኝ። ጴጥሮስ እሳት እየሞቀ ጌታን አላውቀውም ስላለበት ሰዓት፣ ጌታም ዘወር ብሎ ስላየው የሚናገር መዝሙር ነው። ቃል የለውም ብዬ ስከራከርለት የነበረው ዜማ ይህ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ ሄድሁና ከእሳቸው ጋር ተንበርክኬ ጸለይሁ፤ ጌታን ተቀበልሁ። ክብር ለስሙ ይሁን። እትዬ ዘነበች በዚያ ሰዓት ወደ ጓዳ ገቡ።

ጋሼ መኩሪያ ክረምቱን አልዘለቁም። ከቀብሩ በኋላ እትዬ ዘነበችን ይቅርታ ለመንኋቸው። «በጓዳ አትለምኚኝ» አሉኝ። «ስሙን በሰው ፊት ጣልሽው፤ በሰው ፊት አንሺው። ያኔ ነይ።»

በዚያን ጊዜ የምንሰበሰበው አምስት ስድስት ሆነን ተደብቀን ስለነበር፣ የት ቆሜ ልናገር ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ደርግ ወደቀ። ጉባኤ ተከፈተ፣ መድረክ ተሠራ፣ ድምፅ ማጉያ መጣ። ምክንያቴ አለቀ። እኔ ግን በዚያው መድረክ ግማሹን መሰከርሁ። እህት ጥሩነሽ ተባልሁ። ከመካከላችሁ ቤዝ የምትጫወቱትን ሦስታችሁን ያስተማርኋችሁ እኔ ነኝ፤ ለምን በአፌ ብቻ እንደማስተምር ስትጠይቁኝ እጄን ያመኛል እላችሁ ነበር።

ኑሮዬን ወደዚህ ካዛወርሁ ወዲህ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ እስቴ እሄዳለሁ። እትዬ ዘነበች በሩን ከፍተው ያስገቡኛል። ጤናዬን ይጠይቃሉ። ከዚያ፣ «ተናገርሽ?» ይላሉ።

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው ብይና ሂጂ።»

በልቼ እሄዳለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንዲህ ሆነ። ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ማዕድ ነፍገውኝ አያውቁም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለ እጄ የምትጠብቁትን ልንገራችሁ። ሁለቱ ጣቶች አልዳኑም። ተጸልዮልኛል፤ ዘይት ተቀብቻለሁ፤ ዛሬም ጊታር ስይዝ ይታጠፋሉ። ጌታ መፈወስ ይችላል፤ የእኔን ለምን እንዳልፈወሰው አልነገረኝም። እኔ የማመሰግነው፣ ውሸታም ሆኜ ሳለሁ ቤቱ ስላስቀመጠኝ፣ እስክናገርም ድረስ ስለታገሠኝ ነው። አሥር አለቃ መኩሪያ ማንንም ያለ ፈቃዱ ያልወተወቱ፣ በእኔ ወረቀት የታሠሩ፣ በዚያ እስር ጤናቸውን ያጡ የጌታ ሰው ነበሩ። ወረቀቱ ላይ የጨመርሁት ሐሰት ነው። ይኸው በሰው ፊት።

ከእናንተም ግማሹን ብቻ ተናግሮ የተቀመጠ ካለ፣ ጌታን ይመን። የቀረውን እርሱ አስቀድሞ ሰምቶታል። እንደ እኔ ጠጉራችሁ እስኪሸብት አትቆዩ።

አምስተኛው ወንበር ጫፍ ላይ የተቀመጡትን እናት እንግዳ መስለዋችሁ ስትገቡ ሰላም ብላችኋቸዋል። እትዬ ዘነበች ናቸው። ዘንድሮ በሩን ሲከፍቱልኝ «እሑድ እናገራለሁ» አልኋቸው። ዛሬ በዚህ ዕድሜያቸው ከእስቴ በአውቶቡስ መጥተዋል። ይቅር ይሉኝ እንደሆነ አላውቅም። ገና አልጠየቅኋቸውም፤ አሁን ወርጄ ልጠይቃቸው ነው።

አሜን የምትሉ ቆዩ። መጀመሪያ እሳቸው ይናገሩ።